በጀልባ የምትሄድ በቅሎ

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኤሌክትሪክ ስኩተሩን «በቅሎዬ» ነበር የሚላት። ሁለት ትንንሽ ጎማ ያላት፣ ቆመው የሚነዷት፣ ስትታጠፍ ከታክሲ ወንበር ሥር የምትገባ ነገር ናት። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ደብረ ዘይት ወርዶ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንዲት አሮጌ የቀዘፋ ጀልባ ገዛ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የፒያሳ ሰው፣ ዋና እንኳ የማይችል ሰው፣ ጀልባ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ በቅሎዋን አመጣ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ያገኘው ሁሉ «ደግሞ ይቺ ለምንህ ናት?» ሲለው፣ «ሌላው ሰው በቅሎ ላይ ይቀመጣል፤ የእኔ በቅሎ ግን ጀልባ ላይ ትቀመጣለች» ይል ነበር።

እውነቱን ነበር። ውኃ ላይ የሚውል ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል። ዓሣው ሲገኝ ጨው የለም፤ ጨው ሲኖር ሎሚ የለም፤ ሁለቱም ሲኖሩ ክብሪቱ ርሶ ይገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁን አቋርጠን ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ጀልባዋን እናስጠጋለን። ከዚያ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ በሁለት የግቢ አጥር መካከል የሚያልፍ ቀጭን የሲሚንቶ መንገድ ነው። ባጃጅ አይገባበትም፤ ለእኔ ጉልበት ደግሞ ሩቅ ነው። እሱ በቅሎዋን ከተጠቀለለችበት ፕላስቲክ ያወጣል፣ ይዘረጋታል፣ ባርኔጣውን ወደ ታች ይጫናል፣ «መጣሁ» ይለኛል። እኔ ጀልባ እጠብቃለሁ። ዳቦውንና የተረሳውን ነገር በፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል።

ሥራችን የተከፋፈለ ነበር። ወገቡን ስለሚያመው የምቀዝፈው እኔ ነበርኩ። እሱ ፊት ለፊቴ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጥና፣ «ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ግራ... አንቺ ሴትዮ፣ ግራሽ የት ነው?» ይለኛል። ካፒቴን መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት በዚህ ዕድሜዬ ክንዴ የአናጢ ክንድ ይመስላል። በቅሎዋን ግን ነክቻት አላውቅም ነበር። ውኃው የእኔ፣ የብሱ የእሱ ነበር።

ሲሞት የብሱ ባለቤት አጣ። ጀልባዋ ሐይቁ ዳር ተደፍታ ቀረች፣ በቅሎዋም ሳሎን ጥግ ታጥፋ ቆመች። እኔም ከሁለቱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ቅዳሜ ሲመጣ ጠዋት ተነሥቼ ምሳ እቋጥራለሁ፤ ከቋጠርኩ በኋላ የሚሄድ ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኛል፤ እፈታውና ብቻዬን ጠረጴዛ ላይ እበላዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ፣ አንዲት ልጄና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አብረው መጡ። አብረው ሲመጡ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ለየብቻ ሲሆን ነው ለጥየቃ የሚመጡት። የባለቤቴ ወንድም ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ግማሹን የአራዳ ሹፌር እኔ ነኝ ያስተማርኩት ይላል። ስለዚህ ማንኛውም ጎማ ስላለው ነገር የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

«ለጀልባዋ ገዢ ተገኝቷል» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ማን ፈልጉ አላችሁ?»

«ጀልባ እኮ ላም አይደለችም፤ ቆማ አትታለብም። ውኃ ዳር ከመበስበሷ በፊት ትሸጥ። ያቺም ስኩተር አብራ ትሂድ።»

«እኔ ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ» አልኩት።

«በምን?»

«በበቅሎዋ።»

መነጽሩን አውልቆ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ነገርን ቆርጦ መጨረስ ትወዳለች። «እማዬ» አለችኝ፣ «ውኃ ላይ ብቻሽን አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ ምን እሆናለሁ? እንደዚህ እናድርግ። ከሙት ዓመቱ በፊት፣ ማንም ሳይረዳሽ፣ ብቻሽን ሄደሽ፣ ቀዝፈሽ፣ ማዶ በስኩተሩ ወጥተሽ ዳቦሽን ገዝተሽ ከተመለስሽ፣ ጀልባዋ አትሸጥም። ካልቻልሽ ግን ትሸጣለች፤ አትከራከሪኝም።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ቀላል መስሎኝ አልነበረም። ጀልባዋ ከተሸጠች ቅዳሜ የሚባል ቀን ጨርሶ እንደማይኖረኝ ስለማውቅ ነው።

ትምህርቱን የጀመርኩት በግቢያችን ነው። አስተማሪዬ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች፤ ወሎዬ፣ ልብስ ሰፊ፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት፣ አፏ ከመቀሷ የሚፈጥን ሴት። ስለ ስኩተር የምታውቀው ነገር ከእኔ አይበልጥም፤ ነገር ግን አትፈራም።

«አንቺ፣ ፍሬኑ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ እየዞረቻት።

«እኔ ምን አውቄ! እሱ ነበር የሚያውቀው።»

«እሱማ ዛሬ አይመልስልንም። እስቲ ንኪያት፣ አብሽሪ!»

ነካኋት። እኔ ገና አንድ እግሬን ሳላሳርፍ በቅሎዋ ብቻዋን ተነሥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ የልብስ ማስጫውን እንጨት ገጭታ ወደቀች።

«ወላሂ፣ ጌታዋን ፍለጋ ነው የሄደችው!» አለች ጎረቤቴ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ስስቅ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ሐዘንተኛ ቤት ሳቅ ሲሰማ ሰው ምን ይላል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ቀን በቀን ተለማመድን። እሷ ከኋላዬ ነጠላዬን እንደ ልጓም ይዛ ትሮጣለች፤ ስትደክም ትለቀኛለች፤ ስትለቀኝ እወድቃለሁ። ፍሬኑን ስላላገኘነው የማቆማት እግሬን መሬት አውርጄ ነበር። በኋላ በኋላ መውደቁን እየተውኩት መጣሁ። ያስቸገረን ልብሴ ነበር። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ። ጎረቤቴ በልብስ ሰፊ ዓይን አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ነጠላሽ ጎማ ውስጥ ይገባና አንቺንም ባልሽ ጋ ያደርስሻል። ሱሪ ልስፋልሽ።»

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በሱሪ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው ወገብሽ ላይ እሰሪው።»

አሰርኩት። ጥሩ ሐሳብ መሰለን። ሁለት ሴቶች፣ ሁለታችንም ለቅሶ ለምደን፣ ሁለታችንም እዚሁ ሰፈር አርጅተን፣ ያሰርኩት ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላየንም።

ከግቢ ወጥቼ መንገድ ላይ ልሞክረው ያልኩት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ነው። ጎረቤቴ ክርና ቁልፍ ልትገዛ መርካቶ ሄዳለች። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው። ሐሳቤ ከጊዮርጊስ ተነሥቼ እስከ ማዘጋጃ ሄጄ መመለስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ የወረድኩት ቁልቁለት ነው።

ታክሲ መያዣው ጋ ስደርስ አንድ ወያላ በሩን ይዞ ቆሟል። አየኝና ቀና አለ።

«ማዘር! ወዴት ነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎማ አይሆንም፣ ተራ ይዘዋል! እኔ ልጣራልዎ» ብሎ በሙሉ ድምፁ፣ «ቴዎድሮስ! ቴዎድሮስ! አንድ ሰው የቀረው!»

ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ፣ «ማዘር ላይ ትርፍ አይጫንም!» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ ለማለፍ ስሞክር ከንፈሬ አምልጦኝ ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ ስል ደግሞ ማዘጋጃን አለፍኩት።

ቁልቁለቱ ሲጀምር በቅሎዋ ራሷን ሆነች። ማቆም ነበረብኝ። ያን ጊዜ እጄ የሚያውቀውን ሠራ፤ እጄ የሚያውቀው ደግሞ መቅዘፍ ነው። ጀልባ ለማቆም መቅዘፊያውን አጥብቆ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኔም ሁለቱንም እጀታ አጥብቄ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ለጠጥኩ። ቀኝ አውራ ጣቴ ግን የፍጥነቱ መስጫ ላይ ነበር። በለጠጥኩ ቁጥር ትፈጥናለች፤ በፈጠነች ቁጥር እለጥጣለሁ።

«ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ወረድኩ። ነፋሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየሄደ። በማኪያቶ ቤቱ በረንዳ ሳልፍ አንድ የማውቀው ሰው ከወንበሩ ብድግ ሲል አየሁ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበር። ሰላም ልበለው ብዬ አሰብኩ፤ እጄን መልቀቅ ግን አልቻልኩም። ራሴን ብቻ ዝቅ አደረግኩለት።

ቴዎድሮስ አደባባይ ሊደርስ ሲል መሬቱ ትንሽ ተኛ። በግራ እጄ ስጨብጥ ፍጥነቷ ቀነሰ። ፍሬኑ እዚያ ነበር ማለት ነው! ባወቅሁት ጊዜ ግን መስመሩን ለቅቄ አዲስ የተተከለ ሣር ውስጥ ገብቼ ነበር። በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሣሩን ውኃ የምታጠጣው ሴት የውኃ ጎማዋን እንደያዘች ወደ እኔ ሮጠች።

«ውይ እማማ! ውይ!»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩ።»

«እርስዎማ ደህና ነዎት፤ ሣሩን ገደሉት እንጂ!»

ይቅርታ ጠይቄ፣ ሣሩን በእጄ አቃንቼ፣ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ውኃ ጠጣሁ። እዚያው ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ከፍርሃቱ ሥር አንድ ደስታ ነበር፤ አልወደቅኩም እኮ! ሽቅብ ለመመለስ ግን ድፍረት አልቀረኝም። በቅሎዋን አጥፌ ታክሲ ተሳፈርኩ።

«ምንድን ናት ማዘር?» አለኝ ሹፌሩ በመስተዋት እያየኝ።

«በቅሎ።»

«ገብስ ትበላለች?»

«መብራት ነው የምትበላው።»

«እንግዲያው ሰፈራችሁ ስትራብ ነው የምትውለው» አለ።

እኔ በዚህ ስስቅ ሰፈራችን ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። በኋላ ነው አንድ በአንድ የነገሩኝ። በእኛ ዘንድ ጥቁር የለበሰች ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ካሰረች ወደ ለቅሶ እየሄደች ነው፤ ትርፍ ጥያቄ የለውም። ገንዘብ ያዡ ይሄን ያየ ሰው ነው። ማኪያቶውን ትቶ ለእድሩ ዳኛ ደወለ። «ወገቧን አስራ፣ እንባዋ እየፈሰሰ፣ ‹ወይኔ› እያለች፣ ቁልቁል በረረች! ታክሲ መጠበቅ እንኳ አልቻለችም። ባሏ ጥሎት በሄደው ነገር ላይ ቆማ ነው የሄደችው! እኔን አይታ በሐዘን ራሷን ደፋችልኝ!»

«ማን ሞቶባት ነው?» ብለዋል ዳኛው።

«አላወቅሁም። በጣም የቅርብ ሰው መሆን አለበት።»

እድራችን ቀልጣፋ ነው። መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል፤ ማን እንደሞተ በኋላ ይጣራል። ድሮ ጥሩምባ ነበር የሚነፋው፤ ዛሬ የስልክ ግሩፕ አለ፤ ከጥሩምባው ይብሳል።

ስለዚህ በቅሎዬን ተሸክሜ ወደ ደጄ ስታጠፍ፣ በሬ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ወገባቸውን አስረዋል። አንዷ የንፍሮ ድስት ይዛ ትገባለች። በዚህ ዓለም የቀረችኝ አንዲት ልጄ ናት። ሌላ ማን አለኝ? በቅሎዋን ወርውሬ፣

«ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። «ልጄን! ልጄ ምን ሆነች?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ብድግ አለ። «ልጇ ናት! ልጇ ናት የሞተችው!» የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። እስከዚያ ድረስ በጥርጣሬ ዝግ ብሎ ይለቀስ የነበረው ለቅሶ አሁን ስም አገኘና ተነሣ። እነሱ እኔን አይተው ያለቅሳሉ፤ እኔ እነሱን አይቼ አለቅሳለሁ። ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው «አይዞሽ፣ ቻይው» ይሉኛል፤ ምኑን እንደምችለው ግን የሚነግረኝ የለም።

በዚህ መካከል አንድ መኪና ደጃፋችን ላይ ቆመ። ልጄ ወረደች። አጎቷ ደውሎ «እናትሽ ቤት ድንኳን ተተክሏል፣ ቶሎ ሂጂ» ብሏታል፤ እሷም ጀልባዋን አስባ፣ ስኩተሩን አስባ፣ እኔን ገድላኝ ነው የመጣችው።

«እማዬን! እማዬን!» እያለች ወደ ድንኳኑ ገባች።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ከደቂቃ በፊት ያለቀሱላት ሟች በእግሯ ስትገባ ማየት ቀላል አይደለም። እኔና ልጄ ተያየን። ከዚያ ተቃቀፍን። የእሷ ሻንጣ የእኔ ጎድን ላይ፣ የእኔ ጭቃ የእሷ ሸሚዝ ላይ። ለቅሶው እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቆመ።

የእድሩ ዳኛ ተነሡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ታዲያ ማነው የሞተው?» አሉ።

ሁሉም ሰው ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረ።

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ። «ያላየሁትን አልተናገርኩም።»

እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ቀጥሎ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ማቆም አልተቻለም። ዳኛው ብቻ አልሳቁም፤ ድንኳኑ ይነቀል ብለው ሊያዝዙ ነበር። ያማተቡት አሮጊት ግን አልፈቀዱም።

«ያለ ሟች የተተከለ ድንኳን ሟች ሳይጠራ አይነቀልም» አሉ።

«ማነው ያለው?» አሉ ዳኛው።

«እናቴ።»

«መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የለም።»

«እናቴን ደንቡ አያውቃትም።»

ይነቀል ብሎ እጁን ሊያነሣ የደፈረ ሰው አልነበረም። ንፍሮው ደግሞ በስሏል። ስለዚህ ሰው ተቀመጠና ንፍሮ መብላት ጀመረ። አንዲት ከታች ሰፈር የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። «ውሸት ሆኖ እንኳ ይሄን ያህል ማልቀስሽ» አልኳት።

«ለልጅሽ መች አለቀስኩ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለእናቴ ነው። በኮሮና ጊዜ ነው የሞተችው፤ ድንኳን አልተተከለላትም። ዛሬ ድንኳን ሳገኝ አለቀስኩላት።»

እፍኝ ንፍሮ ሰጠኋት።

የባለቤቴ ወንድም የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። በቅሎዋን ከወደቀችበት አንሥቶ በሰው ሁሉ ፊት አቆማት።

«አየሽ?» አለኝ። «አየሽ የተናገርኩትን? ይሄ የሴት ነገር አይደለም፤ የሽማግሌም ነገር አይደለም።»

ልጄ እስካሁን እጄን ይዛ ነበር። «አበቃ፣ እማዬ» አለች። «ሞተሻል ብዬ ነው የመጣሁት። ከዚህ በኋላ አልችልም። ነገ ለገዢው እንደውላለን።»

ንፍሮው አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ፊቷን አየኋት፤ ተቆጥታ ቢሆን እከራከራት ነበር። የፈራ ሰው ግን በክርክር አይመለስም።

የባለቤቴ ወንድም በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ ያልቅ ነበር። አስተማሪ ነውና አላበቃም። «ሁላችሁም ተመልከቱ» አለ። «የዚህች ነገር አደጋዋ ሚዛኗ ላይ ነው። እኔ ስንት ሰው መንዳት ያስተማርኩ ሰው እንኳ ብሆን፣ እንዲህ ስቆምባት...» ብሎ ቆመባት።

«ጋሼ፣ አውራ ጣትዎን!» አልኩ።

«አታስተምሪኝ» አለና ጨበጠ።

በቅሎዋ እሱን ይዛ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ገባች። ሰው በግራና በቀኝ ተከፈለላቸው። መካከለኛውን ምሰሶ ገጩ። ምሰሶው ትንሽ አሰበና ወደቀ፤ ድንኳኑም ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ሁላችንም ላይ ተኛ። ጨለማ ሆነ። ከሸራው ሥር ሳል፣ ሳቅ፣ «እግሬን!»፣ «ድስቱን ያዙት!» ይሰማል። ከሁሉም በላይ የባለቤቴ ወንድም ድምፅ ይመጣል፦

«ፍሬኗ የታለ? ፍሬኗ የታለ?»

«በግራ እጅዎ፣ ጋሼ!» አልኩት ከሸራው ሥር። «በግራዎ!»

ስንወጣ ማንም አልተጎዳም። ዳኛው ባርኔጣቸውን አራግፈው የተኛውን ድንኳን አዩና፣ «እኛ አልነቀልነውም» አሉ አሮጊቷን። «በራሱ ወረደ።» አሮጊቷ ጥቂት አሰቡበትና ፈቀዱ።

ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ትከሻዋን ያነቃንቃታል። አጎቷ ከአንድ ዛፍ ሥር ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል።

«እማዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ቴዎድሮስ ድረስ ወርደሽ አልወደቅሽም?»

«ተንበረከክሁ እንጂ አልወደቅሁም።»

«እሱ ከበሩ እስከ ምሰሶው መሄድ አልቻለም።» ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «የተባባልነው እንዳለ ነው። ቅዳሜ ሂጂ። ስልክሽን ግን ክፈቺ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ደብረ ዘይት ከታክሲ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ ከሐይቁ አፋፍ ላይ አወረደኝ። ቁልቁለቱን በቅሎዋን በእጄ እየመራሁ ወረድኩ፤ ትዕቢቴን ቴዎድሮስ ሣር ላይ ትቼዋለሁ። የጀልባ ጠባቂው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «እግዜር ያጽናዎት» አለኝ። ጀልባዋን ላገላብጥልዎ ሲለኝ፣ «አትንካ፣ ውል አለብኝ» አልኩትና ራሴ አገላበጥኳት። ወገቤ ጮኸ። ውኃ ውስጥ አስገባኋት።

ብቻዬን ስቀዝፍ አንድ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ጀልባዋ በፊት ለፊቴ በኩል ቀልላ ሽቅብ ተነሣች፤ ነፋሱ እንደፈለገ ያዞራታል። ለካ እዚያ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰው ሥራ ነበረው! ክብደት ነበር ሥራው። በቅሎዋን እሱ ቦታ ላይ አስተኛኋት፤ የውኃ ጀሪካኑንም ጨመርኩ። አልበቃም፤ ግን ሄደች። «ወደ ግራ» የሚለኝ ስለሌለ ሾላውን አንዴ አለፍኩት፣ አንዴ አጣሁት፣ በሦስተኛው ደረስኩ።

በአጥሮቹ መካከል፣ በዚያ ቀጭን የሲሚንቶ መንገድ፣ ግራ እጄን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ነዳሁ። አንድ ዶሮ ቀድማኝ አለፈች። ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለች።

«የጋሼ በቅሎ!» አለች። እኔን ሳይሆን በቅሎዋን ነው ያወቀችው። ቀጥላ ጥቁር ልብሴን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። መናገር አላስፈለገኝም። በርጩማ አወጣችልኝ፤ ትንሽ አለቀሰች።

«ያው የእሳቸውን ላቅርብልዎ?» አለችኝ በኋላ።

«የእሳቸው ምንድን ነው?»

«እንቁላል በሚጥሚጣ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሁልጊዜ እኮ እዚህ በልተው ነው የሚመለሱት።»

«በሁዳዴም?»

ባለሱቋ ወደ ጣሪያው አየች። «እናቴ፣ የሞተ ሰው አይታማም» አለችኝ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ጀልባ ላይ በባዶ ሆዴ ጾም ይዤ ስጠብቀው! በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ እንቁላሉን በላሁ። ጥሩ ነበር፤ ሚጥሚጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ዳቦዬን ገዝቼ፣ በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስኩ። ጀልባዋ ከሾላው ሥር እንደታሰረች ነበረች።

መልሼ ቀዘፍኩ። ከውኃው ወጥቼ በቅሎዋን ዘርግቼ ዳገቱን ስጀምር ባትሪዋ አለቀ። ገፋኋት፤ ትንሽ ሄደች። ገፋኋት፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ዳገቱ መካከል ላይ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ፤ ወደ ታች አየሁ። የጀልባ ጠባቂው ከታች ሆኖ ያየኛል። ውል እንዳለብኝ ስለነገርኩት አልቀረበም። መጨረሻ ላይ ራሴ በእጄ ጠራሁት። እሱ በቅሎዋን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ አፋፍ አደረሰን።

አፋፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሄጃለሁ፣ ቀዝፌያለሁ፣ ዳቦውም ይኸው እጄ ላይ ነው» አልኳት። «ዳገቱን ግን አልቻልኩም። ጠባቂው ነው ያወጣኝ። የተባባልነው ማንም ሳይረዳሽ ነው፤ ስለዚህ እንደ ቃልሽ አድርጊ።»

ከበስተኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«አባዬስ?» አለችኝ።

«አባትሽ ምን?»

«አንድ ቀን አብሬያችሁ መጥቼ የለም? ዳገቱ ላይ በቅሎዋ ስትደክምበት፣ እሱ ላይዋ ላይ ቆሞ ‹በርቺ› ይላል፤ አንቺ ከኋላ ትገፊያለሽ። እስከ አፋፉ። አይቻለሁ እኮ።»

«እሱማ ወገቡን ስለሚያመው ነው» አልኳት።

«በይ ዝጊ፣ እማዬ» አለች። «ለገዢው ልደውልለት፤ ሌላ ጀልባ ይፈልግ።»